ድምፅ የሌለው ጎማ

አንድ ብስክሌት ሠሪ ነበረ። የሰባት ዓመት ልጁ ሞታበት ነበር።

ልጅቷ ኤፍራታ ትባል ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ወገቧ አልጸና ብሎ ነበር። እግሮቿ ደህና ነበሩ፤ ጋለል ስትል እንደ ልቧ ታንቀሳቅሳቸዋለች። ቀጥ ብላ መቀመጥ ግን አትችልም። ሌሎች ልጆች በብስክሌት ሲያልፉ በአባቷ ሱቅ ደጃፍ ተጋድማ ታያቸው ነበር። አባቷ ይትባረክ ይህን እያየ ከረመና አንድ ቀን ጋለል ተብሎ የሚነዳ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ይሠራላት ጀመር። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። አካሉን ከአሮጌ የብረት አልጋ ቱቦ በየደው። መቀመጫውን በፕላስቲክ ገመድ ጠለፈው። ፔዳሉን እግሯ ተዘርግቶ በሚደርስበት ቦታ ከፊት አደረገው፤ ስታድግም እንዲበቃት ወደፊት የሚገፋ አደረገው። ልኳን ለማየት በየሳምንቱ ያስተኛት ነበር። እሷም በየሳምንቱ ረዝሜአለሁ፣ እንደገና ለካኝ ትለው ነበር። የፊት ጎማዎቹን መግጠምና ፍሬኑን ማሰር ብቻ ሲቀረው፣ በክረምቱ መጨረሻ ትኩሳት ያዛት። በአምስተኛው ቀን ሞተች።

የሐዘኑ ድንኳን ከተነሣ በኋላ ይትባረክ ወደ ሥራው ተመለሰ። ያላለቀውን ብስክሌት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ምንድን ነው ብሎ የጠየቀውን ሁሉ፣ ብረት ነው ይለው ነበር።

ከተማዋ ብስክሌት የሚበዛባት ናት። በዚያ አንድ ልማድ አለ። የተሠራ ብስክሌት ሲረከቡ ባለቤቱ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በአንድ ጣት ይመታዋል። በሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውሉት ጡረተኞች ጎማው እስኪቆም ድረስ ዙሩን ይቆጥራሉ። ከአርባ በታች ከሆነ ሥራው ይመለሳል። አንድ ቦታ ላይ ሲነካካ ከተሰማም ይመለሳል። የይትባረክ ጎማ ሰባና ሰማንያ ጊዜ ይዞር ነበር። አንዱ ጡረተኛ የእሱን ጎማ ሲቆጥር እንቅልፍ ወስዶት፣ ሲነቃ ገና ሲዞር አገኘው ተብሎ ይቀለድ ነበር። ይትባረክ የሚነካካ ጎማ አስረክቦ አያውቅም። በዚህም ስሙ የተጠራ ነበር።

በድሮው ፍሬን ይህ ልማድ ማንንም አልጎዳም። የድሮው ፍሬን ጎማውን ከላይ ነው የሚይዘው፤ ራቅ ብሎም ይቀመጣል። የዲስክ ፍሬን ግን ሌላ ነው። ከጎማው እምብርት ላይ አንድ ስስ ክብ ብረት ይታሰራል፤ እሱ ዲስክ ይባላል። ሁለት ትናንሽ ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ያንን ብረት ጨብጠው ያቆሙታል። ሸራው ከዲስኩ የሚርቀው የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ከራቀ አይዝም። ይትባረክ ለልጁ የመረጠው ይህን ፍሬን ነበር። ለሁለቱ የፊት ጎማዎች ሁለት ዲስክ ገዝቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦ ነበር።

በጥቅምት ወር አንዲት እናት ወደ ሱቁ መጣች። ወይዘሮ እታገኝ ትባላለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሜላትን በጀርባዋ አዝላ ነበር። የሜላትም ወገብ እንደ ኤፍራታ ወገብ ነው። እናትየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አይታ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። አይታ አወቀችው። ልጇን ሦስት ዓመት ሙሉ አዝላ ትምህርት ቤት እንዳመላለሰች፣ አሁን ግን ልጅቷ እንደከበደች፣ የራሷም ጉልበት እያበጠ እንደሆነ፣ ሐኪምም ማዘሉን ተዪ እንዳላት ነገረችው። ዘንድሮ ካልተቻለ ሜላት ቤት ትውላለች አለችው። ይትባረክ ብረት ነው አላት። እሷም ልጇን አዝላ ሄደች። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት፣ ስጣት አለችው። 

በማግስቱ አወረደው። ፍሬኑን ሳላስር አልሰጥም ብሎ ወደ ወይዘሮ እታገኝ መልእክት ላከ። ለዓርብ ቀጠራት።

ሁለቱን የፊት ጎማዎች ገጠመ። እነዚህ ጎማዎች እንደ መኪና ጎማ በአንድ ወገን ብቻ የተያዙ ስለሆኑ የሚሽከረከሩበት ኩሽኔታ ትንሽ ከላላ ይወላገዳሉ፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ አሰራቸው። ዲስኮቹን አሰረ። ቅባት እንዳይነካቸው እጁን በሳሙና ታጥቦ ነበር። ሸራዎቹን አስገባና ሽቦውን ወጠረ። ከዚያ የቀኙን ጎማ በጣቱ መታው።

ጎማው ሲዞር ዲስኩ በየዙሩ አንድ ጊዜ ሸራውን ነካ። ሽር አለ። ጸጥ አለ። እንደገና ሽር አለ። ድምፁ ትንሽ ነበር። ኤፍራታ በመጨረሻዋ ቀን ስትተነፍስ የምታሰማው ድምፅ ይህ ነበር። ይትባረክ ጎማውን በእጁ ያዘው።

ዓርብ ወይዘሮ እታገኝ ልጇን አዝላ መጣች። ይነካካል፣ ገና ነው አላት። በሚቀጥለው ዓርብም መጣች። ገና ነው አላት። ዲስኩን በጣቱ እያቃና፣ ሸራውን እያስጠጋና እያራቀ ይውል ነበር። ብረቱ የፀጉር ያህል ጎብጦ ነበር፤ አልቃና አለ። ጡረተኞቹ ለአንዲት ልጅ ብስክሌት ነው ወይስ አውሮፕላን የምትሠራው ይሉት ጀመር። ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን ፈተና ፈተነ። ሜላት የሁለት ትምህርት ፈተና አመለጣት፤ በእነዚያ ቀናት እናቷ መነሣት አቅቷት ነበር።

ከጡረተኞቹ አንዱ ጋሽ ወንድይፍራው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። አንድ ቀን ከአግዳሚው ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና ጎማውን መትተው አዳመጡ። ከዚያ ይህ ምንም አይደለም አሉ። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ይነካካል። ሃያም ሠላሳም ጊዜ እየነዱ ሲይዙት ብረቱንና ራሱን ያለማምዳል። ያን ጊዜ መልሰህ ታጠብቀዋለህ። እስከዚያ ድምፁን ተወው አሉት።

«የሚነካካ ጎማ አስረክቤ አላውቅም» አለ ይትባረክ።

«ጎማ አይደለም እኮ የምታስረክበው» አሉት። «ፍሬን ነው።»

ይትባረክ መልሶ ዲስኩን ማቃናት ጀመረ። እሳቸውም ወጡ።

በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ይትባረክ ብቻውን ሳለ የሸራዎቹን ብሎን ግማሽ ዙር አላላ። ሽር የሚለው ቀጠነ። ሌላ ግማሽ ዙር አላላ። ድምፁ ጠፋ። የግራውንም እንዲሁ አደረገ። ግራው ከቀኙ ይበልጥ ይጮህ ስለነበር ይበልጥ አላላው። ሁለቱንም ጎማዎች መታቸው። ዞሩ፤ ዞሩ፤ ምንም አልተሰማም። ኤፍራታ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለለው። የቀኙንና የግራውን የፍሬን መጨበጫ ጨብጦ ብስክሌቱን በጉልበቱ ገፋው። አልሄደም። ይይዛል አለ። የገፋው ግን ባዶውን ነበር።

ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ እታገኝ መጣች። ጋሽ ወንድይፍራው ለቅሶ ሄደው አልነበሩም። የቀሩት ጡረተኞች ጎማውን አስመትተው ቆጠሩ። መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ቁጥር በከተማዋ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። አንደኛው ተነሥቶ የይትባረክን ትከሻ መታ። ሜላትን አስቀመጧት። እጆቿ መጨበጫዎቹ ላይ፣ እግሮቿ ፔዳሉ ላይ በልክ አረፉ። ለሌላ ልጅ የተለካ መሆኑን ያነሣ አልነበረም።

«ጡሩምባ የለውም?» አለች ሜላት።

የለውም አላት።

«ታዲያ ሰው መምጣቴን በምን ያውቃል?»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ነዳች።

ከሱቁ እስከ ትምህርት ቤቱ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ከግቢው በር በፊት ብቻ አጭር ቁልቁለት አለው። በቁልቁለቱ ቀኝ በሲሚንቶ የተሠራ የጎርፍ ቦይ አለ። እናትየው እያነከሰች፣ ይትባረክ ከጎኗ እየሄደ ከኋላ ተከተሏት። ሜላት ትስቅ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቷ ቀድማ ትሄድ ነበር። ይትባረክ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጥ ነበር፤ ጎማው ምንም ድምፅ አልነበረውም። ልጄም ብትኖር እንዲህ ትሄድ ነበር ብሎ አሰበ።

ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ሁለቱንም ጨበጠች። የቀኙ ጥቂት ያዘ። የግራው ምንም አልያዘም። ስለዚህ ብስክሌቱ አልቆመም፤ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ይትባረክ ሮጦ ሲደርስ ብስክሌቱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ተገልብጦ ነበር። ልጅቷ ከሥሩ ናት። ሲያወጣት ቀኝ ክንዷ ከክርኗ በታች ተሰብሮ ነበር፤ ሁለት ጥርሶቿም ወልቀዋል። አላለቀሰችም። ፊቱን አይታ ፈራችው።

«ጋሼ፣ ጨብጬው ነበር» አለችው። «እውነቴን ነው፤ ጨብጬው ነበር።»

ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሄዱ። ክንዷ በጀሶ ታሰረ። ሐኪሙ ሁለት ወር ይፈጃል አለ።  ሲወጡ ይትባረክ ወይዘሮ እታገኝን ልጅሽን ላዝልልሽ አላት፤ እምቢ አለች። ራሷ አዘለቻት። ከበሩ ላይ ዞር አለች።

«ሐዘንህን አውቃለሁ» አለችው። «የእኔ ልጅ ግን አልሞተችም ነበር።»

ይትባረክ ብስክሌቱን ከቦዩ አውጥቶ እየጎተተ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ጡረተኞቹ ወሬውን ሰምተዋል፤ አግዳሚው ላይ ማንም አልነበረም። ጋሽ ወንድይፍራውን ብቻ ከለቅሶው ተመልሰው በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ጎንበስ ብለው የግራውን መጨበጫ ጨበጡ። መጨበጫው ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ መጨረሻው ሄደ። ሸራውንና ዲስኩን አዩ። በመካከላቸው ብርሃን ይታይ ነበር። ቀና አሉ።

«ይህን ፍሬን ያሰርከው ለየትኛዋ ልጅ ነው?»

«ለልጄ» አለ ይትባረክ።

«ልጅህ ቁልቁለት አትወርድም።»

ይህን ብለው ሄዱ። ቃሉ ከባድ እንደነበር ያውቃሉ። ግን አልመለሱትም፤ እሱም እንዲመልሱት አልጠየቀም።

ከቀትር በኋላ ይትባረክ በቦዩ ውስጥ የተጣመመውን የፊት ጎማ አቃና። ሸራዎቹን ወደ ዲስኮቹ አስጠጋ። በየዙሩ ነኩ። ሽር አለ። ብሎኑን ግን አጠበቀው። ከዚያ ብስክሌቱን ወደ ቁልቁለቱ ወሰደውና ለልጅ በተለካው መቀመጫ ላይ ራሱ ጋለል አለ። ጉልበቶቹ ደረቱ ድረስ መጡ። ወረደ፤ ጨበጠ፤ ቆመ። ወደ ላይ ገፋው። እንደገና ወረደ። ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ከበቡት። አንዱ ይህ ሰውዬ አብዷል አለ፤ ሌላው ዝም በል፣ ልጁ የሞተችበት ነው አለው። ሠላሳ ጊዜ ወረደ። በየጊዜው ድምፁን ሰማ። በሠላሳኛው ብስክሌቱ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ቆመ። ድምፁ ግን አልጠፋም። እንደማይጠፋም አወቀ።

ከመምሸቱ በፊት ወደ ወይዘሮ እታገኝ ቤት ወሰደው። በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ፍሬኑ አሁን እንደሚይዝ፣ ራሱ ሠላሳ ጊዜ እንደሞከረው፣ የሜላት ክንድ ሲድን እንድትነዳው ነገራት። እሷም ብስክሌቱን አላየችውም። ሜላት በሕልሟ እንኳ እንደማትቀመጥበት ነግራኛለች አለችው። ሁለት ወር በቀኝ እጇ መጻፍ አትችልም፤ የሚያዝላትም የለም፤ ዓመቱ እንደሄደ ቁጠረው አለችው። ይትባረክ ምን ላድርግ አላት።

«ብረቱን ውሰድልኝ» አለች። «ከዚያ መምህሯ ዘንድ ሄደህ ለምን እንደቀረች በራስህ አፍ ንገራት። እኔ ይህን መናገር አልችልም።»

ሐዘን የገባው ሰው ምንም ነገር እንዳይነካው ይፈልጋል። ማንም በዚህ ሊወቅሰው አይገባም። ነገር ግን የሚይዝ ነገር ሁሉ ይነካል። ምንም የማይነካ ፍሬን ማንንም አያቆምም። ምንም እንዲነካው የማይፈቅድ ሰውም በእጁ የተሰጠውን ሰው አይዝም። ጸጥታን የሚሠራው ለራሱ ነው፤ የሚወድቀው ግን ሌላ ነው። ይህን ማወቅ የሞተውን አያስነሣም፤ የተሰበረውንም ክንድ አይጠግንም፤ የባከነውንም ዓመት አይመልስም። ይትባረክ ያወቀው ከሁሉም በኋላ ነው። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ለራሳችሁ ዕረፍት ስትሉ ያላላችሁት ነገር ምንድን ነው? መላላቱ የሚታወቀውስ በማን ቁልቁለት ላይ ነው?

ይትባረክ ያን ቀን በመጨረሻ ያደረገው ይህ ነው። ብስክሌቱን እየገፋ የትምህርት ቤቱ በር ሊዘጋ ሲል ደረሰ። የሜላት መምህርት ደብተር ስታርም ቆይታ፣ ደብተሮቹን ታቅፋ ከክፍል ስትወጣ አገኛት። ስለ ሜላት ነው የመጣሁት አላት።

«አባቷ ነህ?» አለችው።

«አይደለሁም» አለ። ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት።